ለቅሶ ደራሿ የዘር መርማሪ

እትዬ በላይነሽ ድሬዳዋ ልጃቸው ቤት ማረፋቸውን የነገረችኝ የጅጅጋ ዘመን ወዳጄ ሙሉ ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ «እትዬ በላይነሽ አረፉ» አለችኝ። ነፍስ ይማር አልኩና አፌ ላይ የመጣውን ጥያቄ ዋጥኩት። ጥያቄው «በምን?» የሚል ነበር። ሌላ ሰው ሲሞት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያለ ነው። ስለ እሳቸው መጠየቅ ግን ሙያቸውን እንደ መንጠቅ ሆነብኝ። እትዬ በላይነሽ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ነበርና።

ጅጅጋ የደረስኩት ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ ከሸዋ የተመደብኩ ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የጥይት ቀዳዳ ገና አልተደፈነም። በበጋ ቀዳዳው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትንንሽ የብርሃን ነጠብጣብ ይጥላል፤ ተማሪዎቼም ከእኔ ትምህርት ይልቅ የብርሃኑን ጉዞ ይከታተሉ ነበር። ፍርዳቸው ትክክል ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከእትዬ በላይነሽ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። የጉምሩክ ጸሐፊ የነበሩት ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ፣ ግን ማንም የማይቀድማቸው ሴት ነበሩ። ነጠላቸውን ሁልጊዜ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ይለብሳሉ። መጀመሪያ ትልቅ ሐዘን የወደቀባቸው መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር ሰላም የምላቸው። ኋላ ሳጣራ ለካ የሥራ ልብሳቸው ነው።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ጥንት ከጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ወታደሮች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከመሀል አገር የተመደበው ጸሐፊና ነጋዴ ተጨምሮባቸው፣ ጅጅጋ ውስጥ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ልጅ ለመዳር የሚመረጠውም ከእነዚሁ ውስጥ ነው። ታዲያ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እትዬ በላይነሽ ይጠየቃሉ፤ የዚያ ቤት ዘር እንዴት ነው? እሳቸው ለጥቂት ቀናት ይጠፉና ተመልሰው «ላኩ» ወይም «ይቅርባችሁ» ይላሉ። ይግባኝ የለውም።

ከአብዮቱ በፊት የሚመረምሩት አጥንት ነበር። አያትየው ጨዋ ነው፣ ሸማኔ ነው፣ ወይስ ቀጥቃጭ? አብዮቱ መጣና አጥንት መቁጠር የፊውዳል ርዝራዥ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ፣ እሳቸውን ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ በዚህች ከተማ የሰው ዘር የሚመዝኑ አሉ፤ ሚዛናቸውን እንሰብረዋለን ብሎ ደነፋ። እትዬ በላይነሽ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ዘር የምለው ስለ ጤና ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ የለም ካሉኝ ከነገ ጀምሮ እተወዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ የለም ለማለትም፣ አለ ለማለትም መመሪያ አልደረሰውም ነበር። ትንሽ አሰበና «ስለ ጤና ከሆነ ሳይንሳዊ ነው» አለ። ተጨበጨበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሸማኔውም ቀጥቃጩም ነፃ ወጡ። በምትካቸው ስኳር ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነቀርሳ፣ ዛሬ ካንሰር የምንለው፣ የገባበት ቤት ተያዘ። አብዮቱ አሮጌውን አስተሳሰብ ጠረገው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ያየሁት አሮጌው አስተሳሰብ ልብስ ቀይሮ ሲጨበጨብለት ነው። ሊቀመንበሩ ራሱ ብዙም ሳይቆይ እህቱን ሊድር ሲል ሚስቱን በጓሮ በር ወደ እሳቸው ልኳል። አጥራችን አንድ ስለሆነ አይቻለሁ።

ያኔ ነቀርሳን ሰው በስሙ አይጠራውም። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። ሟች ቤት ውስጥ ደግሞ እሱም አይባልም፤ «ትንሽ ሆዷን አሟት ነበር» ብቻ ነው የሚባለው። እትዬ በላይነሽ ታዲያ እውነቱን ከየት ያመጡታል? ከለቅሶ። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው «ምን ነበር ያመማቸው?» ቢል ነውር የለውም፤ እንዲያውም ነውሩ አለመጠየቁ ነው። ሐዘንተኛም የሟቹን ሕመም ከመነሻው ጀምሮ ማውራት ይፈልጋል፤ የሚያዳምጠው ነው የሚሰለቸው። እሳቸው አይሰለቹም። እብጠቱ የት ጀመረ፣ ሰውነታቸው መቼ ከሳ፣ የሟች እናትስ በምን አረፉ፣ እያሉ፣ እንባቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ሦስት ትውልድ ይዘው ይወጣሉ። እንባው የውሸት አልነበረም። ከልባቸው ያለቅሳሉ፤ ከልባቸውም ይመረምራሉ። ብዙ ምሁር አንዱን እንኳ ከልቡ ሲሠራ አላየሁም።

ሰውየው ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም ግድ የላቸውም። «አልሰማሁም ነበር፤ ገና አሁን መስማቴ ነው» ብሎ ዘግይቶ ለቅሶ መድረስ በአገራችን ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። በጭነት መኪና ጋቢና ደገሀቡር ድረስ፣ በባቡር አይሻ ድረስ እየሄዱ፣ ልጆቹ እንኳ የረሱትን ሟች አልቅሰው መጥተዋል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ መንገድ መጡልን ብሎ ልቡ ይነካና ያልተጠየቀውን ሁሉ ይናገራል።

በዘር ቆጠራ የሚፎካከሯቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጨርቅ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ኑር። ሐጂ እንደ ማንኛውም ሶማሌ ሽማግሌ የአባቶቻቸውን ስም ከራሳቸው ጀምረው እስከ ነገዳቸው መነሻ በአንድ ትንፋሽ ያወርዱታል። እትዬ በላይነሽን «አባዮ» ይሏቸው ነበር፤ በሶማሊኛ እህቴ እንደ ማለት ነው።

«አባዮ በላይነሽ፣ አንቺ ስንት አባት ትቆጥሪያለሽ?»

«ሰባት ይበቃኛል።»

«ሰባት? እኔ ሰባት ላይ ገና ጫማዬን አላሰርኩም።»

«እሺ ሐጂ፣ እነዚያ ሁሉ አባቶችዎ በምን በምን እንደሞቱ ያውቃሉ?»

«እሱ ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ለምን ይቆጥሯቸዋል?»

«እኛ የምንቆጥረው በችግር ቀን ማን እንደሚደርስልን ለማወቅ ነው። አንቺ የምትቆጥሪው ከማን እንደምትሸሺ ለማወቅ ነው።»

እትዬ በላይነሽ ሳቁ። እንደ ስድብ አልወሰዱትም። እኔ ግን ስለ ዘር ያነበብኩት ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አልነገረኝም።

ወደ ታምሩ ልምጣ። ታምሩ የሒሳብ አስተማሪ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ነበር። የድሮ ወታደር የልጅ ልጅ ነው። እናቱ እማማ ዘነበች ባላቸውንና የበኩር ልጃቸውን በጦርነቱ አጥተው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። ሠላሳውን አልፎ ሳያገባ መቅረቱ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። እሱ ግን የመረጣት ነበረችው፤ ሙሉ፣ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ እጇም ምላሷም ፈጣን። አባቷ አፍደም ባቡር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። እናቷ ያረፉት እዚያው አፍደም ነው፤ ከሞቱም ቆይተዋል።

እማማ ዘነበች ደንቡን አልዘለሉም። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአውቶቡስ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በባቡር አፍደም ወርደው፣ የሙሉን እናት አልቅሰው ተመለሱ። ውጤቱን የተናገሩት እማማ ዘነበች ቤት፣ ታምሩና እኔ ባለንበት ነው።

«ዘነቡ፣ ይቅርብሽ።»

«ምን አገኘሽ?»

«እናቷ በጡት ነቀርሳ። የእናቷ እህትም በዚያው። አያቷ በሆድ።»

«እትዬ፣ እኔ የማገባው ሙሉን እንጂ አያቷን አይደለም» አለ ታምሩ።

«አንተ አዎ። ልጅህ ግን አያቷንም እናቷንም ይዞ ነው የሚወለደው።»

«የእኛ ዘርስ?»

«የእናንተማ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ነቀርሳ ደጃችሁን ረግጦ አያውቅም።»

እማማ ዘነበች አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እኔ ቀብሬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «አሁን ደግሞ ምራት አስገብቼ ልቅበር? የልጅ ልጅ አቅፌ እሷንም ልቅበር?» ታምሩ እናቱን እያስለቀሰ የሚሞሸር ሰው አልነበረም። እሳቸው እሺ ካላሉ ነገሩ በዚያው አበቃ። ከታምሩና ከሙሉ ጋር ስውል የነበርኩ ሰው ነኝና ምን ሊበጠስ እንደነበር አውቃለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ቀበሌ ነው። በዚያ ዘመን ማኅተም የማያስተካክለው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር። ሊቀመንበሩም አላሳፈረንም፤ «ከነቀርሳ ነፃ መሆኗን ጠቅሰን ለሚመለከተው ሁሉ እንጽፋለን» አለ። ሙሉ ናት «ነቀርሳውስ ይመለከተዋል?» ብላ ይዛን የወጣችው።

ቀጥሎ ሆስፒታል። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ትዕግሥቱ ከመድኃኒቱ ቀድሞ ያለቀበት ወጣት ነበር።

«ወደፊት አይዛትም ብለው ይፈርሙልን» አለው ታምሩ።

«ስለ እሷ አልፈርምም። ስለ አንተም አልፈርምም።»

«የእኔ እንኳ ዘሬ ንጹሕ ነው።»

ከአፉ እንዳመለጠው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ሙሉ ዞር ብላ አየችው።

«ንጹሕ ዘር እስካሁን አልገጠመኝም» አለ ሐኪሙ። «አንዳንድ ቤት አንድ ከባድ ነገር ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ በተለይ በለጋ ዕድሜ ደጋግሞ ሲይዛቸው ያስጠረጥራል። ከዚያ ውጭ እንደሚመስለኝ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ተሸክመናል፤ አንዱ ትንሽ በዛ ያለ፣ አንዱ ትንሽ ቀነስ ያለ። ትልቁ ነገር ግን ዕድሜ ነው። በነቀርሳ ለመያዝ አስቀድሞ መኖር ያስፈልጋል።»

«ይህንኑ ይጻፉልን።»

«ምን ብዬ? ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ነው ብዬ? በዚህ ዘመን?»

ያ ሐኪም በግምት ያለውን ዛሬ ተመራማሪዎች በረጅሙ ይጽፉታል። ብዙ ሰው የሚጋራቸው ጥቃቅን የዘር ልዩነቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በነቀርሳ የመያዝን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ፤ ሲደመሩ ሰውን ከሰው ይለያሉ፤ ሆኖም እገሌ ይታመማል፣ እገሌ ይተርፋል ብለው አይናገሩም። ስለዚህ ዘር ምንም አያደርግም እያሉ በእትዬ በላይነሽ ከሚስቁት ጋር አልስቅም። ዘር ያደርጋል። የእሳቸው ስሕተት ያለበትና የሌለበት ቤት ብለው አገሩን ለሁለት መክፈላቸው ነው። ለሁለት መክፈል ደግሞ በዚያ ዘመን የእሳቸው ብቻ ሙያ አልነበረም።

ሙሉ ከሆስፒታሉ ስትወጣ እኛን ሳትጠብቅ ቀድማ ሄደች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ በላይነሽ ቤት የማርያም ማኅበር ነበር። እማማ ዘነበች አሉ፤ ሌሎች እናቶች አሉ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና ተጠርቻለሁ። ሙሉ ሳትጠራ ገባች። ሰላም ብላ በሩ አጠገብ ቆመች።

«እትዬ፣ የእኔን ዘር ቆጥረዋል አሉ። እዚህ ሰው ፊት ይቁጠሩልኝ።»

«የምታውቂውን ምን ያስቆጥርሻል?»

«ከእርስዎ አፍ ልስማ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እትዬ በላይነሽ የደበቁት ነገር ስላልነበረ አላፈሩም፤ ቆጠሩላት።

«እናቴ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?»

«ስድሳን አልፋ ነበር።»

«አክስቴስ?»

«እሷ ሰባ ይሆናታል።»

«አያቴ?»

«አያትሽማ አርጅታ፣ ዓይኗም አያይም ነበር አሉ።»

«አሁን ደግሞ የታምሩን ይቁጠሩልኝ።»

እትዬ በላይነሽ ወደ እማማ ዘነበች አዩ። ከዚያ ሙያው አሸነፋቸው።

«አያቱ በጣሊያን ጊዜ፣ በጥይት።»

«ዕድሜያቸው?»

«ልጅ እግር ነው፤ ሠላሳ አልሞላውም።»

«አባቱስ?»

«በዚህ በሶማሊያው ጦርነት። ሃምሳ አልደፈነም።»

«ወንድሙ?»

«አብሮ፤ በዚያው ሰሞን። ገና ሙሽራ ሳይሆን።»

«አጎቱ?»

«ደገሀቡር መንገድ ላይ፣ ፈንጂ። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች።»

«እንግዲህ እዚያ ቤት ነቀርሳ ቢመጣ ማንን ያገኝ ነበር?» አለች ሙሉ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የእኔ ሰዎች እስኪታመሙ ድረስ ኖረዋል። የእነሱ ግን ለመታመም ጊዜ አላገኙም።»

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ሙሉ ምን እንዳደረገች ያኔ ነው የገባት፤ ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ይቅርታ እማማ፣ እርስዎን ብዬ አይደለም» አለች። እሳቸውም እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

እኔ እትዬ በላይነሽ ተሳስቻለሁ ብለው ጉዳዩ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንደገና ከላይ ጀምረው እየቆጠሩ ነበር። ጨርሰው ቀና አሉ።

«ልክ ነሽ» አሏት። «ዕድሜውን አላስገባሁትም ነበር።» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ከልባቸው እያዘኑላት፦ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ቤት እንዳትገቢ።»

«ምን አሉኝ?»

«ወንዱ አያረጅም። በአፍላነትሽ መበለት ትሆኛለሽ። አባትሽ ዘንድ ሰው እልካለሁ፤ ያ ቤት ይቅርባችሁ እላቸዋለሁ።»

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ።

«ማን ነው የማያረጀው?»

«ዘነቡ፣ አንቺው ታውቂው የለም እንዴ።»

«የእኔን ልጅ ነው? የእኔ ልጅ ነው ለታይፒስት የሚነፈገው?»

«እኔ ያገኘሁትን ነው የምናገረው።»

«ያገኘሽውን ለራስሽ ያዢው። በዚህ ሳምንት ሽማግሌ እልካለሁ። አባቷ እምቢ ቢሉ ራሴ አፍደም ሄጄ ደጃቸው ላይ እቀመጣለሁ።»

ሙሉ አሁንም እግራቸው ሥር ናት፤ እጃቸውም ትከሻዋ ላይ ነው። አሁን ግን እጁ እንዳታመልጥ የያዛት ይመስል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ሐጂ ኑርም አብረዋቸው ነበሩ፤ የሙሉን አባት ከባቡር ላይ ንግድ ዘመናቸው ያውቋቸዋል። እትዬ በላይነሽም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ይቅርባችሁ የሚል መልእክተኛ ቀድመው ልከዋል። የሙሉ አባት ሁለቱንም ወገን አስተናግደው፣ «ልጄ ትወስን» አሉ። ሰርጉ ላይ እትዬ በላይነሽ ከእማማ ዘነበች ጎን ተቀምጠው አየኋቸው። ጠጋ ብዬ «ተስማሙ እንዴ?» ስላቸው፣ «አልተስማማሁም፤ ጠጁ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው፣ ሴትዮዋ ብልህ ናቸው፤ እማማ ዘነበችን በእልህ ለማስገባት ሆን ብለው ያደረጉት ነው ይለኛል። ደግ ትርጉም ነው፤ አልቀበለውም። ለዓመታት በአንድ አጥር አውቃቸዋለሁ። ሆን ብለው አልነበረም። በአንድ ሚዛን ሙሉን መዘኑ፤ ሚዛኑ እንደጎደለ ሲነገራቸው አስተካከሉና ያንኑ ሚዛን ወዳጃቸው ላይ ጣሉ። በሕይወቴ ትክክለኛ ሐሳብ ይዘው ለዘመድ ሲሆን የሚያጥፉ ሰዎች ብዙ ገጥመውኛል፤ ከእነሱ መካከል ሊቀመንበሮችም፣ ከሊቀመንበሮቹ በኋላ የመጡትም ይገኙበታል። የተሳሳተ ሐሳብ ይዘው ለማንም ሳያዳሉ የሠሩበት ሰው ግን የማውቀው እሳቸውን ብቻ ነው። ያልረሳኋቸውም ለዚህ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ሰው ተበታተነ። ታምሩና ሙሉ ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ እማማ ዘነበችም አብረው መጥተው የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገው አረፉ። እትዬ በላይነሽ ድሬዳዋ ወረዱ። ሙሉ እስከ ዛሬ ደህና ናት። ነገም ደህና ትሆናለች ብዬ አልፈርምም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የታመመው ታምሩ ነው። የፕሮስቴት ነቀርሳ አሉት፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በክትትል ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ እትዬ በላይነሽን ጠየቅኋቸው። መስኮት አጠገብ ተጋድመዋል፤ ጆሯቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን አንድም ቤት አልረሳም። የታምሩን ነገር ልንገራቸው ወይስ ልተወው ብዬ ሳመነታ፣ ፊቴን አይተው «ማን ታመመ?» አሉኝ። ከእሳቸው የሕመም ወሬ መደበቅ አይቻልም፤ ነገርኳቸው። እንደ ብርጭቆ የጠራ ያሉት ቤት ነበርና ያፍራሉ ወይም ያዝናሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ።

«ሰባን ሊደፍን ነው።»

እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው እንደገና አስባሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው። ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው በዚያም ቤት ሽማግሌ ተገኘ በለኛ» አሉ።